የጨንቻ ደመናና የፈተናው ወረቀት

ሚያዝያ ላይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ ጠዋት፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ቆሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቀና ያለ ሰው የጋሞን ደጋ አናት አያይም። ተራራው ከወገቡ በላይ ነጭ ለብሷል። በዚያው ሰዓት ጨንቻ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ገበያ የሚሄደው ሰው አሥር እርምጃ ፊቱ ያለውን የቀርከሃ አጥር የሚለየው በግድ ነው። ታች ላለው ደመና ነው፣ ላይ ላለው ጉም፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። አየር ተራራውን እየወጣ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ የያዘው እንፋሎትም ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይለወጣል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አብራሪ ደግሞ በዚህ ነገር መሃል አልፎ ነው አባያ ሐይቅ ዳር ያለውን መንደርደሪያ የሚያገኘው።

ከመስኮት ውጭ ምንም ሳይታይ በመሣሪያ ብቻ አውሮፕላን ለማብረር የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ ኢንስትሩመንት ሬቲንግ ይባላል። ራሱን የቻለ ፈቃድ አይደለም፤ በግል ወይም በንግድ አብራሪነት ፈቃድ ላይ የሚጨመር ነው። ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በተለምዶ ኢካኦ የምንለው፣ አኔክስ 1 በተባለው ሰነዱ ዝቅተኛውን መስፈርት አስቀምጧል፦ በኃላፊ አብራሪነት ከቦታ ወደ ቦታ የተደረገ 50 ሰዓት በረራ፣ በመሣሪያ የተመራ 40 ሰዓት በረራ፤ ከ40ው ከፊሉ በሲሙሌተር ሊሆን ይችላል። በአገራችን ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ከበረራ ፈተናው ሌላ የጽሑፍ ፈተና አለ። መሪ ሲጨብጡ የሚያስደንቁ ብዙ ሰልጣኞች የሚፈሩት ይህንኑ ወረቀት ነው።

የሚፈተኑበት ነገር ሰፊ ነው። የአየር ሕግ አለ፣ የመሣሪያዎች አሠራር አለ፣ የበረራ ዕቅድና የአውሮፕላን አቅም፣ የሰው ልጅ ችሎታና ድክመት፣ ሜትሮሎጂ፣ ናቪጌሽን፣ የአሠራር ሥርዓት፣ የሬዲዮ ንግግር። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ሁሉ ከፊቱ ያየ ተማሪ የሚያደርገውን ሁላችንም ከትምህርት ቤት እናውቀዋለን። የቆዩ ጥያቄዎች ይሰበሰባሉ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ፣ መልሱ በፊደሉ ይሸመደዳል። ሽምደዳ አንዳንዴ ፈተና ያሳልፋል። በዚህ ፈተና ግን ከሌላው ሁሉ ይበልጥ አደገኛ ነው የምለው በምክንያት ነው፤ እዚህ ወረቀት ላይ ያለው እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ሰው አንድ ቀን ደመና ውስጥ ሆኖ በደቂቃ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። መልሱን ሳይገባው የያዘ ሰው ቁጥሩ ሲቀየርበት ባዶ እጁን ይቀራል። ደግሞም መሸምደድ አያስፈልግም። ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ በጋሞ ዞን ሰማይና መሬት ላይ ተዘርግተው ይታያሉ።

በጨንቻው ደመና እንጀምር። የአርባ ምንጭ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 3,900 ጫማ ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። እዚያ የሙቀት መለኪያው 28 ዲግሪ ያነባል እንበል፤ የጤዛ ነጥቡ፣ ማለትም አየሩ ቀዝቅዞ እንፋሎቱን መያዝ የሚያቅተው ሙቀት፣ 18 ነው። የሚወጣ አየር በየ1,000 ጫማው 3 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ የጤዛ ነጥቡ ግን በግማሽ ዲግሪ ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለቱ በየ1,000 ጫማው በ2.5 ዲግሪ ይቀራረባሉ። በመካከላቸው ያለው የ10 ዲግሪ ልዩነት ለ2.5 ሲካፈል 4 ይሆናል፤ ደመናው የሚጀምረው ከመንደርደሪያው 4,000 ጫማ በላይ ነው ማለት ነው። በባሕር ጠለል ስሌት 7,900 ጫማ። ጨንቻ ከተማ 2,700 ሜትር፣ ማለትም 8,900 ጫማ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ በዚያ ቀን ጨንቻ 1,000 ጫማ ያህል ደመናው ውስጥ ገብታለች። ጋቢ የተከናነበው ሰው ለምን አጥሩን በግድ እንደለየ ስሌቱ ነገረን።

ይህ ስሌት በየአገሩ የኢንስትሩመንት ፈተና ላይ ይመጣል። ቀመሩን ብቻ የያዘ ተማሪ ጥያቄው «ከመሬት በላይ» ወይስ «ከባሕር ጠለል በላይ» እንደሚል ሳያስተውል ሊያልፍ ይችላል፤ ከመልስ ምርጫዎቹ አንዱ ሁልጊዜ ለዚህ ሰው የተቀመጠ ነው። ጨንቻን በዓይነ ኅሊናው የያዘ ተማሪ ግን አይሳሳትም፤ 4,000 ጫማው ከአባያ ዳር እንደሚቆጠር፣ 7,900ው ከባሕር እንደሚቆጠር መሬቱ ራሱ ያስታውሰዋል።

የሜትሮሎጂውን ክፍል በዚህ ዓይነት ማጥናት ይቻላል። የአርባ ምንጭ ዝናብ እንደ አዲስ አበባ በክረምት አይከማችም፤ ዋናው በሚያዝያና በግንቦት ይጥላል፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ጥቅምት ይመለሳል። ምክንያቱ ፈተናው ላይ በራሱ የሚጠየቅ ነው። የሰሜንና የደቡብ ነፋሳት የሚገናኙበት የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ ሲመለስ ሌላ ጊዜ ደቡቡን ያቋርጣል። ነሐሴ ላይ ቦሌ ዝቅ ባለ ደመናና በዝናብ ሲጨነቅ አርባ ምንጭ ጥሩ አየር ሊኖራት የሚችለው፣ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ነገሩ ሊገለበጥ የሚችለው ለዚህ ነው። የቀንና የሌሊቱም ልዩነት እንዲሁ ነው። ቀን ላይ መሬቱ ከሐይቁ ቀድሞ ይግላል፤ አየሩም ከውሃው ወደ ዳርቻውና ወደ ተራራው ሽቅብ ይሳባል፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ ደጋው ላይ ይቆማል። ሌሊት የደጋው ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ሙቀቱን ይዞ ያደረው ውሃ ላይ ያለውን አየር ወደ ላይ ይገፋዋል። ትላልቅ ሐይቆች ላይ የሌሊትና የንጋት ነጎድጓድ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ የታወቀ ምሳሌ ነው።

በረዶን በተመለከተ መጽሐፎቹ ከእኛ ሰማይ ይለያሉ። በመጽሐፎቹ ውስጥ በሚሠራበት መደበኛ ከባቢ አየር ሙቀቱ ዜሮ የሚደርሰው 7,500 ጫማ ላይ ነው። በእኛ አገር ብዙውን ጊዜ 16,000 ጫማ አካባቢ ነው። ስለዚህ በሴስና 172 የሚማር ሰልጣኝ ክንፉ ላይ በረዶ ሲሠራ ላያይ ይችላል፤ አውሮፕላኑ እዚያ ከፍታ አይደርስምና። ከዚያ ተመርቆ በዳሽ 8 ወደ አርባ ምንጭ መብረር ሲጀምር ግን 18,000 ጫማ ላይ በዝናብ ደመና ውስጥ ሲያልፍ በረዶውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘዋል። ፈተናው ስለ ክንፍ በረዶ የሚጠይቀውን «እኛ አገር ይህ የለም» ብሎ መዝለል የሚያስከፍለው ያን ቀን ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን ለኢትዮጵያዊ ተፈታኝ ልዩ የሆነው የኮምፓሱ ጉዳይ ይመስለኛል። የመግነጢስ ኮምፓስ በመጽሐፍ ላይ ብዙ ጥፋት ይቆጠርበታል። ከሰሜን ተነስተው ሲታጠፉ መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው ያሳያል ወይም ይዘገያል፤ ከደቡብ ሲታጠፉ ቀድሞ ይሮጣል፤ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እየበረሩ ፍጥነት ሲጨምሩ ወደ ሰሜን የታጠፉ ያስመስላል። የሁሉም መነሻ አንድ ነው፤ የምድር መግነጢስ መስመሮች ወደ ዋልታው በተጠጋን ቁጥር ወደ መሬት ውስጥ ያዘነብላሉ፣ የኮምፓሱንም መርፌ ወደ ታች ይጎትታሉ። አውሮፕላኑ ሲያጋድል ያ ጉተታ መርፌውን ያሳስተዋል።

አሁን የመግነጢሱ ወገብ የት እንደሚያልፍ እንመልከት። መስመሮቹ ጨርሶ የማያዘነብሉበት፣ ከምድር ወገብ የተለየው ይህ መስመር፣ በአፍሪካ ቀንድ ወደ ሰሜን ተስቦ በኢትዮጵያ መሃል ያልፋል፤ አዲስ አበባ አጠገቡ ናት። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሲቋቋም የዓለምን ሳይንቲስቶች የሳበው አንዱ ነገር ይኸው ቅርበት ነበር። ስለዚህ በቦሌ ዙሪያ የሚማር ሰልጣኝ መጽሐፉ የሚለውን የኮምፓስ ስሕተት በዓይኑ የሚያየው እጅግ በትንሹ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከተማዋ በምድር ወገብ ስሌት ሰሜን ነች፣ 6 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ፤ በመግነጢስ ስሌት ግን ከመስመሩ በስተ ደቡብ ናት። ያለችው ትንሿ ስሕተት እንኳ የምታጋድለው መጽሐፉ ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከጻፈው በተቃራኒ ነው። ፈተናው «በሰሜን ንፍቀ ክበብ» ብሎ ሲጠይቅ መመለስ ያለበት የመጽሐፉ መልስ ነው፤ ይህን የምጽፈው ተፈታኙ እንዲከራከር አይደለም። ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ የገባው ሰው ግን የትም አገር ቢቀመጥ መልሱን ከመነሻው መሥራት ይችላል። በሥራ ዘመኑ ወደ ኦስሎ ወይም ወደ ስቶክሆልም ሲበርም ያ ያላየው ስሕተት ጎልቶ ይጠብቀዋል።

ወደ ከፍታ መለኪያው እንለፍ። አልቲሜትር የአየር ግፊትን ነው የሚለካው፣ ከዚያ ወደ ጫማ ይተረጉመዋል። 1 ሄክቶፓስካል በእነዚህ ከፍታዎች ላይ 30 ጫማ ያህል ነው። ፈተናው እንዲህ ሊጠይቅ ይችላል፦ መለኪያው በ1024 ተስተካክሎ ተረስቷል፣ የመድረሻው ትክክለኛ ግፊት ግን 1015 ነው፤ አብራሪው በእርግጥ ያለው የት ነው? የ9 ሄክቶፓስካል ልዩነት 270 ጫማ ይሆናል፤ መሣሪያው ካለበት ከፍ አድርጎ ያሳየዋል፣ እሱ ግን ዝቅ ብሏል። ደመና ውስጥ ሆኖ ወደ መንደርደሪያ እየወረደ ላለ ሰው 270 ጫማ የሕይወት ጉዳይ ነው። ቁጥሩን በትክክል አስልተው አቅጣጫውን የሚገለብጡ ተፈታኞች ብዙ ናቸው። መድኃኒቱ ሁልጊዜ ከመልሱ በፊት አንድ መስመር መሳል ነው፤ ከታች ሐይቁን፣ ከላይ አውሮፕላኑን።

ሙቀትም ከፍታን ይለውጣል። በመደበኛ ከባቢ አየር 3,900 ጫማ ላይ የሚጠበቀው ሙቀት 7 ዲግሪ ገደማ ነው። አርባ ምንጭ ግን የካቲት ቀትር ላይ 33 ልትሆን ትችላለች። ልዩነቱ 26 ዲግሪ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ቢታሰብ 3,100 ጫማ ይጨመራል። ክንፉና ሞተሩ 7,000 ጫማ ላይ ያሉ ያህል ይደክማሉ። ቦሌ፣ 7,625 ጫማ ላይ፣ በ23 ዲግሪ ቀን ከ10,000 ጫማ ያልፋል። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ተማሪ ይህን ቁጥር ለፈተና ብሎ ይማረዋል፤ የእኛ ልጆች የሚማሩበት አየር ራሱ ይኸው ነው።

የሰዓቱ ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን ነጥብ ይበላል። አየር መንገድና የአየር ሁኔታ ዘገባ በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ይሠራሉ፤ የአገራችን ቀጠና ከእሱ በ3 ሰዓት ይቀድማል፣ የግድግዳችን ሰዓት ደግሞ ከቀጠናው በ6 ይለያል። ውጤቱ ለእኛ ምቹ ነው፦ ቀን ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ባለው ሰዓት ላይ 3 መደመር ብቻ ነው። ከጠዋቱ 4፡30 በጋራው ሰዓት 7፡30 ይሆናል። ከምሽት በኋላ 15 ይደመራል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት 23 ይሆናል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ነው፤ በዚያ ሰዓት የጋራው ቀን ገና የትናንቱ ነው። ዘገባው ላይ ያለው ቀን ደግሞ የጎርጎርዮስ ነው። የሌሊቱን ዘገባ «የዛሬ» ብሎ የሚያነብ ተማሪ ያለፈ የአየር ሁኔታ ላይ ዕቅድ ያወጣል።

አሁን አንድ ጥያቄ በዝርዝር እንሥራ፤ አራት ምዕራፎችን በአንድ ላይ ስለሚያገናኝ የምወደው ጥያቄ ነው። አንድ ሰልጣኝ በሴስና 172 ከቦሌ ወደ አርባ ምንጭ፣ በመሣሪያ በረራ ሕግ፣ በቀጥታ መስመር ሊሄድ አቅዷል። በየትኛው ከፍታ?

ርቀቱ 190 ኖቲካል ማይል ገደማ ነው። አቅጣጫው ደቡብ ደቡብ ምዕራብ፣ 200 ዲግሪ ገደማ። መስመሩ በቡታጅራ አቅራቢያ አልፎ ሶዶን በስተ ቀኝ ይተዋል። የጉራጌ ተራሮች ከ3,600 ሜትር በላይ ይወጣሉ፤ ይህ 11,800 ጫማ ነው። የኢካኦ ሕግ በተራራማ አገር ከአውሮፕላኑ ግምታዊ ቦታ በ8 ኪሎ ሜትር ውስጥ ካለው ከፍተኛ ነገር ቢያንስ 2,000 ጫማ መራቅን ያዛል። ተራራው በዚያ ክልል ውስጥ ከገባ ዝቅተኛው 13,800 ጫማ ይሆናል። ከዚያ የአቅጣጫው ሕግ ይመጣል። ከ180 እስከ 359 ዲግሪ የሚሄድ የመሣሪያ በረራ ሙሉ ቁጥሩ ተጋማሽ የሆነውን ደረጃ ይይዛል፤ ስለዚህ 14,000። የሴስና 172 የመጨረሻ የከፍታ ጣሪያ ግን በመደበኛ አየር እንኳ 14,000 ጫማ አካባቢ ነው፤ በእኛ ሙቀት ከዚያ ያነሰ። በዚያ ላይ የኦክስጅን ጉዳይ አለ፤ በኢካኦ ደንብ ከ10,000 ጫማ በላይ ከ30 ደቂቃ ለሚበልጥ ጊዜ፣ ከ13,000 በላይ ደግሞ ሁልጊዜ አብራሪው ኦክስጅን መጠቀም አለበት። መልሱ እንግዲህ «በዚህ አውሮፕላን በዚህ መስመር አይኬድም» ነው። በስምጥ ሸለቆው፣ በዝዋይና በሐዋሳ በኩል፣ ዝቅ ያለ መሬት ተከትሎ የሚሄድ ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። ሕጉን፣ የአውሮፕላኑን አቅም፣ የሰውን ሰውነትና ካርታውን ለየብቻ ያጠና ተማሪ እያንዳንዱን ጥያቄ ለየብቻ ይመልስ ይሆናል። ፈታኙ ማወቅ የሚፈልገው ግን ሰልጣኙ አራቱን በአንድ ጊዜ መያዙን ነው።

የኦክስጅኑን ቁጥር ሳነሳ ተማሪዎችን በብዛት የሚጥለውን ነገር ማንሳት አለብኝ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መጽሐፎች በነፃ ይገኛሉ፣ በደንብ የተጻፉ ናቸው፣ እኛም አገር በብዙ ሰልጣኝ እጅ አሉ። በዚያ አገር ሕግ የኦክስጅኑ መስመር 12,500 እና 14,000 ጫማ ነው። ግፊት በሜርኩሪ ኢንች፣ የእይታ ርቀት በየብስ ማይል ይለካል። ተለዋጭ አየር ማረፊያ መቼ እንደሚያስፈልግም የራሳቸው ደንብ አላቸው። የእነሱ የጽሑፍ ፈተና 60 ጥያቄ ነው፣ ማለፊያው 70 በመቶ፣ ውጤቱ ለ24 ወር ይሠራል። አሜሪካ ሄደው ለሚፈተኑ ኢትዮጵያውያን ይህ ትክክለኛው ሕግ ነው። አዲስ አበባ ለሚፈተን ግን አይደለም። የደመናና የመሣሪያ ፊዚክስን ከዚያ መጽሐፍ መማር ይቻላል፤ ሕጉንና ቁጥሩን ግን ፈቃዱን ከሚሰጠው አገር ደንብ መውሰድ ግዴታ ነው። በደብተሩ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የማን ሕግ እንደሆነ የጻፈ ተማሪ ይህን ወጥመድ ያልፋል።

የመድረሻው ክፍል ጥያቄዎችም በአርባ ምንጭ ላይ ግልጽ ናቸው። የአቀራረብ ካርታ ላይ በ25 ኖቲካል ማይል ዙሪያ ለየአቅጣጫው ዝቅተኛ ከፍታ ይጻፋል፤ ከከፍተኛው መሬት 1,000 ጫማ ይጠብቃል። በምዕራብ የጋሞ ደጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ በምሥራቅ ከነጭ ሣር ባሻገር የአማሮ ተራሮች አሉ። ስለዚህ በተራራው በኩል ያለው ዝቅተኛ ከፍታ ከ10,800 ጫማ በታች ሊሆን አይችልም፤ መንደርደሪያው ደግሞ 3,900 ላይ ነው። 7,000 ጫማ መውረድ አለበት። በተለመደው የ3 ዲግሪ ቁልቁለት በአንድ ኖቲካል ማይል 300 ጫማ ያህል ይወረዳል፤ 23 ማይል ያስፈልጋል ማለት ነው። ያን ርቀት ያለ ስጋት የሚሰጠው የሐይቁ ሸለቆ ብቻ ነው። ተማሪው በዚህ ካርታ ላይ ማረፉ ሳይሳካ ቢቀር ወዴት እንደሚታጠፍ በእጁ መሳል አለበት፤ ወደ ተራራው የሚታጠፍ መልስ ምርጫ ቢቀርብለት እጁ ራሱ ይከለክለዋል።

ተለዋጭ ማረፊያውም እንዲሁ ነው። ጂንካ በግምት 60 ኖቲካል ማይል፣ ሐዋሳ 80 ያህል ይርቃሉ። ቅርቡ ጂንካ ነው፤ ግን በመካከል ደጋው አለ፣ የአርባ ምንጭን አየር ያበላሸው ደመናም እዚያ ሊኖር ይችላል። ለፒስተን ሞተር አውሮፕላን ከተለዋጩ ማረፊያ በኋላ የ45 ደቂቃ፣ ለተርባይን የ30 ደቂቃ ነዳጅ መቅረት አለበት። ይህን ቁጥር ያልያዘ ሰው ወደ ፈተናው ክፍል ባይገባ ይሻላል።

ስለ ሰው ሰውነት ያለው ክፍል አጭር ነው፣ ተማሪውም በንቀት ያልፈዋል። መናቅ ግን አይገባም። በውስጠኛው ጆሯችን ያለው ፈሳሽ፣ እንስራ ሲዞር መጀመሪያ ቆሞ የሚቀር፣ እንስራው ሲቆም ደግሞ መዞሩን የሚቀጥል ውሃ ይመስላል። ቀስ ብሎ የተጀመረ መታጠፍን አይሰማም፤ ከመታጠፍ ሲወጡ ደግሞ በተቃራኒው የሚታጠፉ ያስመስላል። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ 20 የመሣሪያ ሥልጠና የሌላቸው ሰዎች በሰው ሠራሽ ደመና ውስጥ አውሮፕላን እንዲመሩ ተደርጎ፣ ሁሉም መቆጣጠሩን አጡ፤ አማካዩ ጊዜ 178 ሴኮንድ ነበር። ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ልምድም ከዚህ ሙሉ በሙሉ አያድንም። ጥር 2010 እ.ኤ.አ. ከቤይሩት በሌሊት በነጎድጓድ መሃል ተነስቶ 90 ሰው ይዞ ባሕር ውስጥ የወደቀውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 የሊባኖስ መርማሪዎች ከአብራሪዎቹ የአቅጣጫ ስሜት መሳት ጋር አያይዘውታል፤ አየር መንገዱ ይህን ድምዳሜ አልተቀበለም። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ በሌሊት ደመና ውስጥ የሰው ጆሮ እንደማይታመን ማንም አይክድም። ስለዚህ ፈተናው «ስሜትህና መሣሪያው ቢጣሉ?» ብሎ በተለያየ መልክ ሲጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ መሣሪያው። ቀጣዩ ጥያቄ ግን ወዲያው ይመጣል፦ መሣሪያው ራሱ ቢበላሽስ? እዚህ ላይ የአየር ቀዳዳዎቹን ጉዳይ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። የፍጥነት መለኪያው የፊት ቱቦና ማፍሰሻው ሁለቱም በነፍሳት ጎጆ ወይም በበረዶ ከተደፈኑ መለኪያው እንደ ከፍታ መለኪያ መሥራት ይጀምራል፤ ሲወጡ ፍጥነት የጨመረ፣ ሲወርዱ የቀነሰ ይመስላል። በፍጥነቱ ተታሎ አፍንጫውን ሽቅብ ያነሳ አብራሪ አውሮፕላኑን ከአየር ያስቆመዋል። መውጫው ብዙ መሣሪያዎችን እያስተያዩ የዋሸውን መለየት ነው፤ ፈተናውም ያን ማስተያየት ይጠይቃል።

ጥናቱ በምን ቅደም ተከተል ይሁን ቢባል፣ በሜትሮሎጂ ቢጀመር ይሻላል። ሕጉ ትርጉም የሚያገኘው የተጻፈለት አደጋ ሲታወቅ ነው። በየጠዋቱ የአንድ አየር ማረፊያን ዘገባ ማንበብ፣ ትንበያውን መጻፍ፣ ከሰዓት በኋላ የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። የአርባ ምንጭን ዘገባ በምልክቷ፣ ኤች ኤ ኤ ኤም ብሎ፣ የሚከታተል ሰው በአንድ የዝናብ ወቅት ውስጥ ከየትኛውም የጥያቄ ጥራዝ የበለጠ ይማራል። የተሳሳተውን ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ብቻ አይጻፍ፤ የቀሩት ምርጫዎች ለምን ስሕተት እንደሆኑም አብሮ ይጻፍ። እንግሊዝኛውን በተመለከተ፣ ጥያቄዎቹን ጮክ ብሎ እያነበቡ በአማርኛ ወይም በጋሞኛ ለጓደኛ ማስረዳት ትልቅ ዋጋ አለው፤ በራስ ቋንቋ ማስረዳት ያልተቻለ ነገር ገና አልገባም።

አንድ ጥያቄ ለበረራ መምህራንና ለሥልጠና ተቋማት አቀርባለሁ። ሰልጣኞቻችን ዛሬም የሚለማመዱባቸው ብዙዎቹ ጥያቄዎች የካንሳስና የኦክላሆማ ከተሞችን ስም ይዘው የመጡ ናቸው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሜትሮሎጂ ትምህርት ክፍል አለው፤ ከደጃፉ አባያ፣ ከጀርባው የጋሞ ደጋ አለ። የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ መምህራን አሉት፣ ሲሙሌተር አለው። ሁለቱ ተቀምጠው በኢትዮጵያ ከፍታ፣ በኢትዮጵያ ዝናብና በኢትዮጵያ ካርታ ላይ የተሠራ አንድ የመለማመጃ ጥያቄ መጽሐፍ ያዘጋጁ። ለሰልጣኞች ደግሞ፦ እስከዚያ አትጠብቁ፤ የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ዛሬ በራሳችሁ ደብተር ጻፉ፣ መልሳቸውንም ሥሩ።